የሕዝብን ሐሳብ አስቀድሞ የማወቅ ሙያና የሐዲስ ዓለማየሁ ምሳሌነት



ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ አስቀድሞ አፈሩን ይመረምራል። ናሙናውን የሚያወጣውም ለመቆፈር ከሚቀልለው ሥፍራ ሳይሆን ምሰሶው ከሚቆምበት ነው። የሕዝብን ሐሳብ ለመገመት የሚነሣ የፖለቲካ ተንታኝም የሚፈተነው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህን በጉልህ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ አሰራጭቶ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ከሰበሰበ በኋላ፣ ሩዝቬልት ይሸነፋሉ ሲል አስታወቀ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፉ። የተጠያቂዎቹ ስም በአብዛኛው የተወሰደው ከስልክና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበር፣ በዚያ የኑሮ ችግር ዘመን ድኻው ሳይጠየቅ ቀርቷል። በአንጻሩ ጆርጅ ጋሎፕ እጅግ ያነሱ ሰዎችን፣ ነገር ግን ከየኅብረተሰቡ ክፍል መርጦ በመጠየቅ አሸናፊውን በትክክል ተነበየ። የምርጫ ትንበያ በሙያነቱ ስመ ጥር የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ የተደረገው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በ1949 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ ባለመኖሩ፣ መራጩ ስለ አገሩ አስተዳደር ምን እንደሚያስብ ከድምፅ ቆጠራ መረዳት አይቻልም ነበር። ስለዚህ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ። ከፈለጉትም አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በጎጃም አድባራት የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል፤ በፋሺስት ወረራ ጊዜ በራስ እምሩ ሥር ተዋግተው ከተማረኩ በኋላ በኢጣልያ ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና በለንደን አገራቸውን ወክለዋል፤ የትምህርት ሚኒስትር፣ ከዚያም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆነዋል። ይህ ሁሉ ሹመት ሲፈራረቅ ግን የጎጃምን ገበሬ አነጋገር፣ ብሶትና ክብር አልዘነጉም።

ለዚህ ምስክሩ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች ከተለመደው ግብር በላይ ሲጠየቁ «አንሰጥም» ብለው ያምጻሉ፤ በአበጀ በለው መሪነትም ጌታቸውን ይማርካሉ። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ታወጀ። አዋጁ በፓርላማ ጸድቋል፤ በምክር ቤቱም የጎጃም እንደራሴዎች ነበሩ። የጎጃም ገበሬ ግን የግብር ግምቱ ውሎ አድሮ መሬቱን ወደማስለካትና ርስቱን ወደማሳጣት ያደርሳል ብሎ ስለ ሠጋ፣ በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም ሥፍራዎች አመፀ። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም፣ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱን ገዢ ከማንሣትና ውዝፍ ግብር ከመማር በቀር አማራጭ አላገኘም።

ልብ ወለዱ ትንቢት አልነበረም። ደራሲው የአመፁን ቀን አልቆጠሩም፤ ገበሬው ምን ያህል ሸክም እንደሚችልና የቱ ላይ እንደሚሰበር ግን ያውቁ ነበር። የአዋጁ አርቃቂዎች የጎደላቸውም ይኸው እውቀት ነው። ከእንደራሴዎቹ ድምፅ ይልቅ የተከበረው የባለርስቱ ሥጋት ቢሆን ኖሮ ብዙ ደም ሳይፈስ በቀረ።

ሐዲስ ሐሳባቸውን በቀጥታ ለአደባባይ ያቀረቡት በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» በተሰኘው መጽሐፋቸው ነው። በዚያው ዓመት የየካቲት አብዮት ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዜጎች ተወያይተው ሊመልሱት ይገባ የነበረውን ጥያቄ ወታደሮች በትእዛዝ መለሱት። ሐዲስ እስከ 1996 ዓ.ም. ኖረው ውጤቱን ለማየት በቅተዋል።

እነሆ፣ ከዚህ ታሪክ ለመሐንዲስም የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። የመንገድ፣ የውኃም ሆነ የመስኖ ፕላን ሁሉ ሰዎች ነገ ምን እንደሚያደርጉ በመገመት ላይ ይቆማል። ግምቱ የተሰበሰበው በመኪና ከሚደረስበት መንደርና ከቀበሌው ሹም አንደበት ብቻ ከሆነ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢጠራ እንደ «ሊተራሪ ዳይጀስት» መጠይቅ ይከሽፋል። ግንባታው የሚያርፈው በገበሬው ማሳ ላይ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ያ ገበሬ ነው።