ነፍሰ ጡርና ግርሻ



በራያ ቆላ፣ በጎብዬና በአካባቢው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ባተኮሳት ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው ወባ ነው። አገሩ ወባ ያለበት ስለሆነ ይህ አግባብ ነው። ይሁን እንጂ ደሟ ከወባ ነጻ ሆኖ ሲገኝ ጉዳዩ እዚያው ሊዘጋ አይገባውም። በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ግርሻ፣ በሕክምና መጻሕፍት ሪላፕሲንግ ፊቨር የሚባለው፣ አጀማመሩ ወባን ይመስላል፤ ጽንስንም ያስጨነግፋል።

ቅማል በደጋ ብርድ በተደራረበ ልብስ ይራባል፤ ከሰው ጋርም ወደ ቆላ ይወርዳል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን፣ ከራያ ሜዳ በላይ ባለው በቆረም መጠለያ፣ ተስቦና ግርሻ ብዙ ሰው ጎድተዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የቆቦ አካባቢ ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ለቅማል የሚመች መጨናነቅና የውሃ እጦት ተመልሶ ታይቷል።

የበሽታው መንስኤ ቦረሊያ ሪከረንቲስ የተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ነው። ወደ ሰው የሚገባውም በንክሻ ሳይሆን፣ ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ነው። ትኩሳቱ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ይበርዳል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው።

ትኩሳቱ ባለበት ጊዜ ተሕዋሱ በተቀባ ደም ላይ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ግን የሚፈልገው ወባን ብቻ ስለሆነ ግርሻን አያሳይም። ስለሆነም ማይክሮስኮፕ ባለበት ሁሉ ደሟ ተቀብቶ ይመርመር፤ የልብሷም ስፌት ይታይ። ይህም እንዳታፍር ከሰው ዓይን ርቆ፣ በአክብሮት ይደረግ።

ለነፍሰ ጡር ቴትራሳይክሊን አይመረጥም፤ የሚሰጣት ፔኒሲሊን ወይም ኤሪትሮማይሲን ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ማንቀጥቀጥና የትኩሳት መናር፣ ቀጥሎም የደም ግፊት መውደቅ ሊደርስ ይችላል። ይህም ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባለው ነው። በዚህ ሰዓት እናቲቱም ጽንሱም አደጋ ላይ ናቸው። እንግዲህ መርፌ ወግቶ ወደ ቤቷ መስደድ አይገባም፤ በአልጋ ላይ ተኝታ፣ የደም ግፊቷና የጽንሱ የልብ ምት እየተለካ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም ተዘጋጅቶ ልትጠበቅ ይገባል።

በመጨረሻም የቤተሰቡ ልብስ በፈላ ውሃ ካልታጠበና አብረዋት የሚያድሩት ካልተመረመሩ፣ ድና የወጣችው እናት ወደዚያው ቅማል ትመለሳለች። የጎብዬዋ ነፍሰ ጡር ወባ እንደሌለባት በተነገራት ሰዓት፣ አዋላጅ ነርሷ ስለ ልብሷና ስለ ማደሪያዋ አንድ ጥያቄ ብትጨምር፣ ያ ጥያቄ የሁለት ሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።