የሰማይ ወንበዴዎች እናት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ ከቡና በኋላ ከቀረበ ንግግር)



የዛሬው ተራ የእኔ መሆኑና ርእሴ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ። «በዚህ ኑሮ ውድነት ደግሞ የሰማይ ወንበዴ!» ያለችም አለች። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከመተዳደሪያ ደንባችን ጋር ይገናኛል።

የሰማይ ወንበዴ ማለት የባሕር ወንበዴው ከነመርከቡ ደመና ላይ ሲወጣ ነው። መርከቡ ይበራል፤ አለቃው ቀማኛ ነው፣ ተንኮለኛ ነው፣ ግን ሆዱ ይራራል። እኛም እኮ «ሽፍታ» የምንለው ስንረግምም ስናደንቅም ነው። እንዲህ ያሉ ታሪኮች በመጽሐፍም በፊልምም ብዙ ናቸው። እኔ ዛሬ የማነሣው ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ ያየሁትን፣ ጃፓናዊው ሃያዎ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1986 የሠራውን ስለ ላፑታ፣ በሰማይ ስለሚንሳፈፈው ግንብ የሚተርከውን የካርቱን ፊልም ነው።

በዚህ ፊልም የወንበዴዎቹ አለቃ ወንድ አይደለም። ዶላ የምትባል በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ፀጉሯን በሁለት ጉንጉን ትሠራለች፣ ምግብ ትወዳለች፣ ጌጥ ትወዳለች፣ ትሳደባለች። ጎረምሶች ልጆቿ «እማማ» እያሉ ይከተሏታል፤ አየር መርከቡን የምታዝዘው እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ ሺታ የምትባለውን ልጅ የአንገት ድንጋይ ለመዝረፍ ነው የምትመጣው። ኋላ ግን ልጅቱንና ጓደኛዋን ፓዙን መርከቧ ላይ ታሳፍራቸዋለች፤ በነፃ አይደለም፣ ሠርተው ሊበሉ ነው።

እዚህ ላይ ሚያዛኪን እወቅሰዋለሁ። ወንዱን ልጅ ወደ ሞተር ክፍል፣ ሴቷን ወደ ወጥ ቤት! የወጥ ቤቱ ነገር ደግሞ አይነሣ፤ ያልታጠበ ዕቃ ተቆልሏል፣ ለዓይን ይቀፋል። ልጅቱ እጅጌዋን ሰብስባ ስትገባ እነዚያ ግዙፍ ወንበዴዎች አንድ በአንድ ሰበብ እየፈለጉ «ላግዝሽ» እያሉ ይመጣሉ። ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን «እስከ ዛሬስ የት ነበራችሁ?» አልኩ። ሳህኑ የተቆለለው ማን እንደሚያጥብ የተወሰነ ነገር ስላልነበረ ነው።

ዶላን ግን ወድጃታለሁ። በካቢኗ ግድግዳ ላይ የወጣትነት ሥዕሏ ተሰቅሏል፤ ቁርጥ ሺታን ትመስላለች። ሌሊት ልጆቹ ማማው ላይ ሲጨዋወቱ በድምፅ ቱቦው ታዳምጣቸዋለች፤ ምንም ሳትናገር የልጅቱን ጭንቀት ትረዳለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሺታ ጉንጉን በጥይት ተቆርጦ ስታገኛት አቅፋ የምታዝንላት ለፀጉሯ ነው። ይህን ሴት ብቻ ናት የምታስበው። በተረቶች ውስጥ አሮጊት ወይ ጠንቋይ ናት ወይ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ትመርቃለች፤ ዶላ ግን መሪ ጨብጣለች።

ይኸው ሰው በ1992 «ፖርኮ ሮሶ» የሚባል ሌላ ፊልም ሠራ። በአድሪያቲክ ባሕር ላይ በአውሮፕላን የሚዘርፉ ወንበዴዎች አሉበት። የጀግናው አውሮፕላን ተመትቶ ሚላኖ ወዳለ ጋራዥ ሲወስደው ወንዶቹ ሥራ ፍለጋ ተሰደዋል። በእኛ ሰፈር ሻንጣ ይዘው ዓረብ አገር የሚሄዱት ሴቶቹ ናቸው፤ እዚያ ተገላብጧል። ታዲያ አውሮፕላኑን ማን ይሠራል? የ17 ዓመቷ ፊዮ ንድፉን ታወጣለች፤ ዘመዶቿ ሴቶች፣ አያቶች ሳይቀሩ፣ እየጠረቡና እየለበጡ ይሠሩታል፤ በአንድ ማዕድ ፓስታ ይበላሉ፤ ሒሳቡም በደንብ ይጠየቃል። በእርዳታ ስም የተሠራ ነገር አይደለም።

እርግጥ የዚያ ዘመን የኢጣልያ አውሮፕላን ሲባል የእኛን ሰው ሌላ ነገር ያስታውሰዋል፤ በ1928 ዓ.ም. በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ የዘነበው ከእነዚህ ነው። የፊልሙ ጀግናም ለፋሺስቶች አልበርም ብሎ ከአየር ኃይሉ የወጣ ሰው ነው። ይህን ባላውቅ ኖሮ እስከ መጨረሻው አላየውም ነበር።

አሁን ወደ ደንባችን ልምጣ። እውነተኞቹ የባሕር ወንበዴዎች እድር ነበራቸው ብላችሁ ታምናላችሁ? ከነሱ ጋር የኖረው ኤክስከመሊን እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው መጽሐፍ ዝርዝሩን ጽፎታል። ቀኝ እጁን ላጣ 600 የስፔን ብር፣ ለግራ እጅ 500፣ ለቀኝ እግር 500፣ ለግራ እግር 400፣ ለአንድ ዓይን 100። ይህም የሚከፈለው ዘረፋው ለሌላው ከመከፋፈሉ በፊት ነው። (ገንዘቡ በባሪያም ይከፈል ነበር፤ ስለዚህ ቅዱሳን አናድርጋቸው።) ከዚያ በኋላ የመጣው በርተሎሜው ሮበርትስ የሚባለው ወንበዴም ደንብ ነበረው፤ በዋና ጉዳይ ላይ ሁሉም ድምፅ ይሰጣል፣ አካሉ የጎደለም ካሳ ያገኛል።

ግን በዚያው በሮበርትስ ደንብ ውስጥ ሴት መርከቡ ላይ እንዳትወጣ የሚል አንቀጽ አለ! ድምፁም ካሳውም ለወንድ ነው። ለእኔ የዶላ መርከብ ትርጉም ይኼ ነው፤ ደራሲው መርከቡን ከባሕር ነቅሎ ሰማይ ሲያወጣው ያ አንቀጽ መሬት ላይ ቀረ።

የእኛስ ደንብ? አባል ስትሞት፣ ባል፣ ልጅ፣ ወላጅ ሲሞት እንከፍላለን። ድንኳኑ አለ፣ ሳህኑ አለ፣ ወንበሩ አለ። ባለፈው ክረምት ግን ስሟን የማልጠራት አንዲት አባላችን ሳምቡሳ ስትጠብስ የፈላ ዘይት ቀኝ እጇ ላይ ተደፋ። ሦስት ወር ሙሉ አልሠራችም፤ የገበያ ቦታዋን ሌላ ሰው ያዘው። ከካዝናችን ምን አገኘች? ምንም። አልሞተችማ! በየቤቱ ዞረን የሰበሰብነው የየኪሳችን ነበር፤ እሷም ለማኝ የሆነች መስሏት አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ለ11 ዓመት መዋጮ ሳታቋርጥ የከፈለች ሴት ናት።

ገንዘብ ያዣችን የምታነሣውን ሥጋት አውቃለሁ፤ «ሁሉም ተጎዳሁ እያለ ካዝናው ይራቆታል» ትላለች። ከሌቦች የበለጠ የሚዋሽ ሰው የት ይገኛል? እነሱ እንኳ ዝርዝሩን አስቀድመው ጽፈው ሠርተውበታል። እኔ የማቀርበው ትንሽ ነው። በቃጠሎ ወይም በስብራት ከአንድ ወር በላይ ሥራ ላቆመች አባል፣ የሐኪም ወረቀት ስታመጣ፣ ለቀብር ከምንከፍለው ግማሹ ይሰጣት። ለሦስት ሦስት ሴቶች ኮሚቴ ይታይ። ዓመት ሞክረነው ካልሆነ ይሻር።

ረቂቁን ለጸሐፊዋ ሰጥቻለሁ፤ በጠቅላላ ጉባኤው አጀንዳ ላይ እንዲገባ የ15 አባላት ፊርማ ያስፈልገዋል፣ እስካሁን 9 ነን። ወረቀቱ ከረከቦቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ፊልሞቹን ለምትፈልጉ ፍላሹ ከእኔ ጋር አለ፤ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነውና ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ።