የዘር ጠባቂው ዶክተር መላኩ ወረደ
(ለአዊ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



በአዊ ትልቅ ሰው ሲያርፍ ፈረሱ ተሸልሞ ይወጣል፤ የሠራውም ሥራ በአልቃሽ አፍ ይቆጠራል። ዛሬ ሥራቸውን የምንቆጥርላቸው ሰው ጦር የመሩ ወይም ትልቅ ንግድ ያቆሙ አይደሉም። ለአገራቸው ጠብቀው ያቆዩት ሀብት ዘር ነው። እኒህም ሰው ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ተወልደው በ2023 ዐረፉ።

ዶክተር መላኩ በአሜሪካ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የሰብል ማዳቀልን ትምህርት ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከ1979 እስከ 1993 ድረስም በአዲስ አበባ የሚገኘውን የእጽዋት ዘር ማእከል መሩ። ያ ማእከል ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። በየአውራጃው እየተዞረ ከገበሬው ጎተራና ማሳ የተሰበሰበው የገብስ፣ የስንዴ፣ የጤፍ፣ የማሽላና የጥራጥሬ ዘር እዚያ በቀዝቃዛ ክፍል ተጠብቆ ይኖራል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለእኛ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱን ከገብስ እንማር። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ቅጠሉን ቢጫ አድርጎ ቡቃያውን የሚያቀጭጭ በሽታ በገብስ ላይ ተነሥቶ ነበር። የዚያ አገር ሊቃውንት በሽታውን የሚችል ዘር ፈልገው ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው። ይህን ዘር መርጦ ያቆየው አባታችሁን የመሰለ ገበሬ ነው፤ ስሙን ግን ማንም አልጻፈውም። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭም በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኙት ይህን የመሰለ የዘር ብዛት ሊያዩና ሊሰበስቡ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎንና ትግሬን በመታ ጊዜ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን እህል ሳይቀር በላ። ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናብ ቢመጣለት እንኳ የሚዘራው የለውም። ከውጭ የመጣውም የርዳታ እህል ለአፍ እንጂ ለዚያ መሬት የተስማማ አልነበረም። ዶክተር መላኩ ከዚህ መከራ የተማሩት አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ይኸውም ዘር በቀዝቃዛ ክፍል መቀመጡ ብቻ አይበቃም፤ በገበሬው ማሳ ላይ በየዓመቱ መዘራትና መመረጥ አለበት የሚል ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአንድ የካናዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ጋር የአገር ዘርን ማባዛትና ማሻሻል ጀመሩ። በ1989 «የትክክለኛ ኑሮ ሽልማት» የተባለው የዓለም ሽልማት ተሰጣቸው። ቀድሞ ዘር ሰብሳቢው ከገበሬው ወስዶ ይሄድ ነበር፤ እርሳቸው ግን መልሰው ሰጡ።

አሁን ወደ እኛ አገር እንመለስ። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ብዙው መሬት ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ ተተክሎበታል። ዛፉ ገንዘብ ያመጣል፤ አሲዳም የሆነውንም መሬት ያሳርፋል፤ ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን የገብሱ ማሳ በጠበበ ቁጥር የአያቶቻችን ገብስም በዚያው ልክ ይጠፋል። በዳንግላ ወገንም ዳጉሳውና ኑጉ ለበቆሎ ቦታ ሲለቁ እናያለን። አንድ ዘር ከሁሉም ጎተራ ከጠፋ በገንዘብ ተፈልጎ አይገኝም።

እንግዲህ የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ፤ ለዘር የሚሆነውን ከአውድማ ሳይሆን ከማሳ ምረጡ። አጨዳ ሳይደርስ በማሳው መካከል ግቡና ጠንካራውን፣ ከበሽታ ንጹሕ የሆነውን፣ ዛላው የሞላውን ለይታችሁ እጨዱ። ዳር ያለውንና ፍግ የወደቀበትን ተዉት፤ እርሱ ያማረው በቦታው እንጂ በዘሩ አይደለም።

2ኛ፤ የመረጣችሁትን ለብቻው ውቁ፤ በደንብ አድርቁ፤ እንክርዳዱን ልቀሙ። እርጥበትና ነቀዝ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። በቤት ውስጥ ዘር የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ እናቶች ናቸውና ምክራቸው ይሰማ።

3ኛ፤ ከመዝራታችሁ በፊት 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተጠባበቃችሁ ከ7 ቀን በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። 85 ያህል ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ሌላ ዘር ፈልጉ።

4ኛ፤ ሁሉን መሬት በአንድ ዘር አትሸፍኑ። ውርጭ ወይም ዋግ ቢመጣ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተርፋል።

ምርጥ ዘር አትዝሩ ማለቴ ግን አይደለም። በተለይ የተዳቀለ በቆሎ ብትዘሩ ከእርሱ ምርት ለዘር አታስቀምጡ፤ በሁለተኛው ዓመት ኀይሉ ይቀንሳልና በየዓመቱ አዲስ ግዙ። ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ግን ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ መልካም አድርጎ የመረጠ ገበሬ ዘሩን ለብዙ ዘመን ሊያቆይ ይችላል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ አዲስ ዘር ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ስትገቡ የቀድሞውን ዘር ስሙንና ጠባዩን ጠይቃችሁ በመዝገብ ጻፉ። ሊጠፋ የተቃረበ ዘር ብታገኙ ለብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት አስታውቁ። በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬ ገበሬዎች የጋራ የዘር ባንክ አቁመው አባሎቻቸው ዘር ይበደራሉ፤ ከአዝመራ በኋላም ይመልሳሉ። እቁብና እድር ላወቀ ሕዝብ ይህ አስቸጋሪ አይደለም።

ዶክተር መላኩ በሊቅነታቸው ያልኮሩ፣ ገበሬውን መምህር ያደረጉ ሰው ነበሩ። ለእርሳቸው የሚገባው መታሰቢያ በዚህ ዓመት አጨዳ ላይ ከእያንዳንዳችሁ ማሳ ተለይቶ የሚቀመጥ አንድ ቁና ንጹሕ የአገር ዘር ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ አዝመራችሁንም ይባርክ።