የአብራሪው ኑዛዜና የዋሻው አፅም



ስለ ጦርነት መታሰቢያ እንድናገር ስትጋብዙኝ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ ከአገራችን እጅግ ርቆ የኖረ ሰው ነው። ፖል ቲቤትስ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. በሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ የጣለውን አውሮፕላን ያበረረ አሜሪካዊ ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በ92 ዓመቱ ሲያርፍ የቀብር ሥነ ሥርዓት እንዳይደረግለት፣ የመቃብር ድንጋይም እንዳይቆምለት ተናዞ ነበር። መቃብሩ የተቃዋሚዎች መሰብሰቢያ እንዳይሆን ሰግቷል። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በጦርነቱ ዘመን ደጋግሞ በበረረበት፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ እንዲበተን ፈለገ።

ቲቤትስ በሠራው ሥራ እንደማይጸጸት ደጋግሞ ተናግሯል። ጦርነቱን አሳጥሮ የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል የሚሉ ያመሰግኑታል፤ በአምስት ወር ውስጥ ብቻ ወደ 140,000 የሚገመት ሰው ያለቀባትን ከተማ የሚያስቡ ይወቅሱታል። በ1987 ዓ.ም. የስሚዝሶኒያን ተቋም ያሰናዳው ዐውደ ርእይ በዚሁ ክርክር የተነሣ ተሰርዞ በሌላ ተተክቷል። ሰውየው መቃብር ባይኖረውም በእናቱ ስም የሰየመው አውሮፕላን ግን ዛሬም በቨርጂኒያ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

እኔ ባደግሁበት በመንዝ የሟች ቃል አደራ ነው። አንድ ሰው «ከአባቶቼ ደብር ቅበሩኝ» ብሎ ከተናዘዘ ገደልና ወንዝ ሳይበግረው ወገኑ አስከሬኑን በቃሬዛ ተሸክሞ ያደርሰዋል። ስለዚህ በቲቤትስ ኑዛዜ መፈጸም ቅሬታ የለኝም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለመናዘዝ ጊዜ ያላገኙትንስ ምን እናድርግ?

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢጣሊያዊው አብራሪ ቲቶ ሚኒቲ ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ በደገሐቡር አካባቢ ተገደለ። አስከሬኑ አልተገኘም። የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሲደበድቡ የበተኑት ወረቀት ድብደባው የአብራሪው ብቀላ መሆኑን ይገልጽ ነበር። ተማሪዎች እዚህ ላይ ቀኖቹን ልብ በሉ። በተከዜ ግንባር በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ የወረደው ሚኒቲ ከመሞቱ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የእርሱ ሞት ለጋዙ መነሻ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያት ሆኖ ግን አገልግሏል። ዛሬ የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር የጋዙን ጥቅም ላይ መዋል በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነበር።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ፣ ዘረት በተባለው ስፍራ፣ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር የነበሩ ቁስለኞች፣ አረጋውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት አመጸኛ ዋሻ በሚባለው ዋሻ ተጠግተው ነበር። ከአውሮፕላን ቦምብ የተወሰደ የሰናፍጭ ጋዝ ወደ ዋሻው እንዲገባ ተደረገ። እጃቸውን ከሰጡት መካከል ብዙ መቶ ወንዶች በጥይት ተረሸኑ። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በ1998 ዓ.ም. ጉዳዩን ለዓለም አሳወቀ። ከዚያም አልፍሬዶ ጎንሳሌስ-ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቻቸው ዋሻውን በአርኪዮሎጂ አጠኑት። በውስጡ የሰው አፅም ከቤት ዕቃ ጋር አለ።

እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ያ አፅም ሳይነካ መቆየት አለበት ብዬ አስተምሬአለሁ። የወንጀል ማስረጃ ነውና። አንድ ቀን ይህንኑ ለእናቴ ሳስረዳ፣ ፍትሐት ተደርጎላቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ጋዙ ዓይነት አንብቤ ነበር፤ በዋሻው ስላለቁት ሰዎች የክርስትና ስም ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ዛሬ አቋሜ ተለውጧል። አፅሙ በሥርዓት ተመዝግቦ፣ ማስረጃነቱ ሳይጠፋ፣ የት ይረፍ የሚለውን የአካባቢው ሕዝብና የሟቾቹ ወገኖች ይወስኑ። ዋሻውን ራሱን መቃብር አድርገን እንጠብቀው ካሉም ቃላቸው ይከበር። ይህ ግን ስም ከሌለ አይሆንም። ወገን የሚታወቀው በስም ነው፤ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እያነሱ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ወደ መንዝ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ማን ነበሩ?» ብላችሁ ይሁን። ቲቤትስ መቃብሩን ስለማይፈልግ ኑዛዜው ተፈጸመለት። የዘረቶቹን ፈቃድ ለማወቅ ግን የቀሩን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ብቻ ናቸው።