ኮዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው፣ ገጸ ባሕርይ ተላብሰውና ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ዛሬ የመመሪያ መጽሐፎቹን ከነዲጂታል ቅጂያቸው መግዛት ይቻላል። አንዳንድ ጊዜ ዲጂታሉን ቅጂ የሚከፍት ኮድ ለገዢው ይሰጠዋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መጀመሪያ «ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ» በተባለው የጨዋታው ድረ ገጽ ላይ በራሳችሁ አካውንት ግቡ። ቀጥሎ ኮዱን በተዘጋጀለት ቦታ አስገቡና አረጋግጡ። መጽሐፉ አካውንታችሁ ውስጥ ይከፈታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ አንዴ ከሠራ ከገባበት አካውንት ጋር ይታሰራል። ሁለት ኢሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በየትኛው እንደገባችሁ አስቀድማችሁ እዩ። ከሰው እጅ የተገዛ ኮድም ቀድሞ ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ሁሉም ተጫዋች መጽሐፉን መግዛት አይጠበቅበትም። የጨዋታው መሪ በድረ ገጹ ላይ የማስተር ደረጃ ደንበኝነት ካለው፣ የገዛውን መጽሐፍ ለቡድኑ ማጋራት ይችላል።

እስክትጠቀሙበት ድረስ ኮዳችሁን ለማንም አትላኩ፤ ፎቶውንም አትለጥፉ። ቀድሞ ያስገባው ሰው ይወስደዋል።