ለዲከረንሱ የሰጣችሁትን ዓመት ለቀፎውም ስጡ



ትዕግሥትን ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ ዲከረንስ የተከለ ሰው ያውቀዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ወይም ስንዴ ታነሳላችሁ፤ ከዚያ ዛፉን እስከ አራትና አምስት ዓመት ትጠብቃላችሁ። በሁለተኛው ዓመት ላይ «ከሰል አልወጣውም» ብሎ የነቀለ የለም። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ዛፉን መታውና በአንድ ገቢ ብቻ መቆም እንደማያዛልቅ አየን። ስለዚህ ወደ ንብ ማነብ እንመለስ። ችግሩ ዘመናዊ ቀፎ ወስደን በዓመቱ ማር ካላየንበት ዕቃ ማስቀመጫ የምናደርገው መሆኑ ነው።

ሙያው ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠይቃል።

አንደኛው ዓመት ንቡን የማላመድ ነው። ንቡን ከባህላዊ ቀፎ የምታዛውሩት ክረምቱ ሲወጣ፣ መጭና አደይ ሊያብብ ሲል፣ አመሻሽ ላይ ነው። ንብ ሰም የሚሠራው ማር እየበላ ነው። ማሩ ቢያንስ ቀፎው ከሸፈ አትበሉ፤ ንቡ ቤቱን እየሠራ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ዓይን የሚለምድበት ነው። ፍሬም ስታነሱ ንግሥቷን ባታዩም፣ በሰፈፉ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ደቃቅ ነጭ እንቁላል ካለ በሦስት ቀን ውስጥ እዚያ ነበረች ማለት ነው። ንግሥት ከእንቁላል ተነስታ በ16 ቀን፣ ሠራተኛ ንብ በ21 ቀን ትወጣለች። ቁጥሩን መያዝ ቀላል ነው፤ ፍሬም ላይ ለማንበብ ግን ደጋግሞ መክፈት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዓመት የመቁረጥ ነው። አብዛኛው በሰም የታሸገውን ፍሬም ብቻ አውጡ፤ ያልታሸገ ማር ውሃው ስለሚበዛ ይቦካል። አበባ ለሚጠፋበት ጊዜ ለንቡ ቀለቡን ተዉለት፤ የተራበ ንብ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል።

አደራዬ አንድ ነው፦ በሁለት ቀፎ ጀምሩ፤ ደብተር ያዙ። ቀፎ በከፈታችሁ ቁጥር ቀኑን፣ ያበበውን አበባ፣ ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን ጻፉ። መጻፍ የማይችል ልጁን ያስጽፍ። በሦስተኛው ዓመት ከማንኛውም ሥልጠና ይልቅ የሚያስተምራችሁ ያ ደብተር ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እናንተ ስታፈሱ ደግሞ ጎረቤትም ያፈሳል፤ ቀፎውን በሁለተኛው ዓመት ብትተዉት፣ እናንተን አይቶ ሊጀምር የነበረውም ይተወዋል።