የሰንበቴው ዳቦ



በጀማ ሸለቆ አፋፍ ባለችው ለሚ እንደ ሌላው ሸዋ ሁሉ ሰንበቴ አለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ዳቦና ጠላውን ያቀርባል፣ ካህኑ ይባርካሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል። ትኩስ ነው፤ የኮባው ሽታ ገና አልለቀቀውም። ከደጀ ሰላሙ የተቀመጠው ነዳይም ድርሻው ይደርሰዋል። ይህ ቁራሽ ትርፍ አይደለም፤ የማዕዱ አካል ነው።

ይህ መካፈል በክፉ ቀንም ታይቷል፤ በ1977 ዓ.ም. የኮረም ረሃብ ምስል ዓለምን ሲያስለቅስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት በእምነት ቢለያዩም እህል ለማድረስ ተባብረዋል። የተራበ ሰው ፊታቸው ሲቆም ልዩነታቸው ከመስጠት አላገዳቸውም።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን የተራበውን ስለማብላታችን ነው። እኛ ግን እንጾማለን፤ የተውነው ቁርስ ለማን ደረሰ? ጾሙ ለራሳችን የቆጠብንበት ብቻ ከሆነ ገና ግማሽ ነው።

ዛሬ ከቤታችን ስንወጣ የጎረቤታችንን ጣሪያ ቀና ብለን እንይ። ጭስ ያልወጣበት ቤት ካለ እናንኳኳ። እንጀራው አንድ ቢሆንም ይቆረሳል። ፍቅር የሚታወቀው ሲቆረስ ነውና።